ሙዚቃ እየሰሙ ማጥናት፤ መቼ ያግዛል፣ መቼ ያሰናክላል?

«ሙዚቃ ካልከፈትኩ ማጥናት አልችልም» የሚል ተማሪ እየዋሸ አይደለም። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሲሰካ መቀመጡ ይቀለዋል፤ ድብርቱ ይገፈፋል፤ ከመጽሐፉ ጋር ረጅም ሰዓት መቆየት ይችላል። «ዘፈን እየሰሙ ጥናት ብሎ ነገር የለም» የሚለው ወላጅም ከመሬት ተነስቶ አይደለም የሚቆጣው። ፈተና በቀረበ ቁጥር በየቤቱ የሚነሳው ይህ ክርክር መቋጫ ያጣው ሁለቱ ወገኖች ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ስለሚናገሩ ነው። ተማሪው የሚናገረው ስለ መቀመጥ ነው፤ ወላጁ የሚናገረው ያነበቡትን በአእምሮ ስለ መያዝ። ለመቀመጥ የሚረዳ ሁሉ ለመያዝ አይረዳም። እንዲያውም ያው አንዱ ነገር ተማሪውን ወንበሩ ላይ አቆይቶ የሚያነበውን ሊያስጥለው ይችላል።

ጉዳዩ ያሳስበኛል። የወንበር ሰዓታቸውን ቆጥረው «ይህን ሁሉ አጥንቼ እንዴት ጠፋብኝ?» ብለው ራሳቸውን ደካማ አድርገው የሚያዩ ተማሪዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የጎደላቸው የአእምሮ ብቃት ሳይሆን ስለ ድምፅና ስለ ትውስታ ጥቂት እውቀት ብቻ የሆነ አሉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን ከ50 ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ሲፈትሹት ቆይተዋል፤ ካገኙትም ውስጥ ለአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዛሬ ማታውኑ የሚጠቅም አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ውስጥ ውስጡን የሚያነበው ድምፅ

አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ንጥረ ነገሮች በቅደም ተከተል ሊይዝ ተቀምጧል እንበል፦ ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም፣ ቤሪሊየም፣ ቦሮን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅን። አንድ ጊዜ ያነባቸዋል፤ መጽሐፉን ይከድናል፤ ከዚያ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ በውስጡ ይደግማቸዋል። ቦሮን ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ላይ የነበሩት መደብዘዝ ይጀምራሉ። ስለዚህ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከሃይድሮጅን ይነሳል፤ አሁንም ይደግማል። ማንም ሳያስተምረው የሚያደርገው ነገር ነው።

በ1974 እንግሊዛውያኑ አለን ባድሊና ግራሃም ሂች ይህን የውስጥ ድግግሞሽ የሚያብራራ ሐሳብ አቀረቡ። አእምሮ አሁን የሚሠራበትን ነገር ለጥቂት ጊዜ ይዞ የሚያቆይበት ክፍል አለው፤ «የሥራ ትውስታ» ይባላል። ከዚህ ክፍል አንዱ ወገን የቃልና የድምፅ ማቆያ ነው። አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ካልተደጋገመለት የገባለትን የሚይዘው ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ነው። በዓይን ያነበብነው ቃል ሳይቀር ወደ ድምፅ ተለውጦ ነው ወደዚህ የሚገባው። በዝምታ ስናነብ እንኳ ውስጥ ውስጡን የሚያነብ ድምፅ የሚሰማን ለዚህ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ማየት የማንፈልገውን ነገር ፊታችንን አዙረን እንተወዋለን። በጆሮ የሚመጣ ንግግር ግን ፈቃዳችንን ሳይጠይቅ ወደዚያው የቃል ማቆያ ይገባል። ተማሪው «ቤሪሊየም፣ ቦሮን» እያለ በውስጡ ሲደግም ዘፋኙ ስለ ናፍቆት ሁለት ስንኝ ያወርዳል። ተማሪው ዘፈኑን እየተከታተለ ላይሆን ይችላል፤ ጨርሶ እንዳልሰማውም ሊምል ይችላል። መጽሐፉን ከድኖ ሲሞክር ግን ካርቦንና ናይትሮጅን ቦታ ተለዋውጠዋል፤ ወይም አንዱ ከመሃል ወድቋል። ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ ሁለት ድምፆች አንድ ጠባብ ቦታ ስለተሻሙ ነው።

ቋንቋው ባይገባስ? በ1976 በአሜሪካ በወጣ ጥናት ተሳታፊዎች ፊደላትን በቅደም ተከተል እየያዙ ሳለ ከጀርባ በጀርመንኛ የሚነበብ ጽሑፍ ይሰማ ነበር። ጀርመንኛ ባይችሉም ስህተታቸው ጨመረ። ከዚያ ባድሊና ባልደረባው ፒየር ሳላሜ ነገሩን ወደ ሙዚቃ አመጡት። በ1989 ባወጡት ውጤት መሠረት ግጥም ያለው ዘፈን ከመሣሪያ ሙዚቃ ይበልጥ የአጭር ጊዜ ትውስታን ያውካል። ስለዚህ «የእንግሊዝኛ ዘፈን ነው የምሰማው፣ ትርጉሙን ስለማልከታተል አይረብሸኝም» የሚለው መከራከሪያ ቢያንስ ዝርዝር በቃል ለሚይዝ ተማሪ አይሠራም።

በብሪታንያ የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዲላን ጆንስና ባልደረቦቹ ደግሞ አንድ አስፈላጊ ነገር ጨመሩ። ለማወክ ወሳኙ የድምፁ መለዋወጥ እንጂ ከፍታው አይደለም። አንድ ፊደል ብቻ ሳይለወጥ ቢደጋገም ብዙም አይጎዳም፤ የተለያዩ ፊደሎች እየተቀያየሩ ቢመጡ ይጎዳል። በክረምት ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ኃይለኛ ድምፅ አለው፤ ሆኖም ለደቂቃዎች ያው ነው፤ ጆሮ ይለምደዋል። ዘፈን ግን የተሠራው ለመለዋወጥ ነው። መግቢያው አለ፣ አዝማቹ አለ፣ ሳክስፎኑ በመሃል ይነሳል፣ ምቱ ድንገት ይቀየራል። የሙዚቃ ደራሲው የደከመበት ጥበብ በሙሉ ጆሮአችን እንዳይሰለች ነው፤ ጆሮ እንዳይሰለች የተሠራ ነገርን «አልሰማህም» ብሎ ማጥናት ደግሞ ከባድ ነው።

የአማርኛ ዘፈን፣ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ

እስከ አሁን ያወራነው ዝርዝር በቃል ስለ መያዝ ነው። ጽሑፍ አንብቦ መረዳት ሌላ ሸክም ይጨምራል፤ የትርጉም ሸክም። አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ከፊተኛው ጋር ማያያዝ፣ «ይህ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ራሱን መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ የሚገባን ንግግር ከማይገባን ይልቅ ይጎዳል፤ ምክንያቱም አእምሮ የሚሰማውን ቃል ሳይተረጉም ማለፍ አይችልም።

በእኛ አገር ሁኔታ ይህ የራሱ መልክ አለው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ ስለ ፎቶሲንተሲስ የሚያነበው በእንግሊዝኛ ነው፤ ለራሱ የሚያስረዳው ግን በአብዛኛው በአማርኛ ነው። «ቅጠሉ ብርሃኑን ይይዛል፣ ከዚያ ውሃውን ይሰነጥቃል፣ ኦክስጅኑ ይወጣል» እያለ በውስጡ ይተርካል። ጥናቱ የሚካሄደው በዚህ በውስጥ ትረካ ነው። አሁን በዚያው ቋንቋ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከተራኪው የበለጠ ውብ ድምፅ ያለው ሰው ሌላ ነገር ይተርክለታል። የእኔ አስተያየት ነው፤ ግን ለዚህ ተማሪ የአማርኛ ዘፈን ከሁሉም ዓይነት ሙዚቃ ይልቅ የሚያስቸግር ይመስለኛል።

ደግሞም የአማርኛ ዘፈን ግጥም ብዙ ጊዜ ሰምና ወርቅ ያለበት ነው። አድማጩ ሰሙን ሰምቶ ወርቁን እንዲፈልግ ይጋበዛል፤ አንድ ቃል ሁለት ቦታ ተቆርጦ ሁለት ትርጉም ይሰጣል፤ ጆሮ ያዳመጠ ሰው ፈገግ ይላል። ያን ፈገግታ ለማምጣት አእምሮ ምን ያህል ሥራ እንደሠራ አስቡት። ትዝታ ቅኝት ላይ የተሠራ ዘፈን ከሆነ ደግሞ ሥራው ሰውን ካለበት አንስቶ ወደ ሌላ ቦታና ወደ ሌላ ጊዜ መውሰድ ነው፤ ስሙም ሥራውም ያ ነው። ይህ የዘፈኑ ታላቅነት ነው። ሰውን በሐሳብ ይዞ እንዲሄድ የተሠራ ዘፈን ከፍቶ ስለ ሴል ክፍፍል ማንበብ ግን ሁለቱንም መበደል ነው።

«የምወደው ዘፈን ስለሆነ አይረብሸኝም»

ከተማሪዎች አፍ ከሚሰሙት መልሶች ሁሉ ጠንካራ የሚመስለው ይህ ነው። የወደድነው ነገር እንዴት ይጎዳናል?

ኒክ ፐርሃም የተባሉ በዌልስ የሚሠሩ ተመራማሪ ይህንኑ ጥያቄ ወስደው ፈተሹት። በ2011 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ባወጡት ጥናት ተሳታፊዎች ቅደም ተከተል በቃል ሲይዙ አንዴ የሚወዱትን፣ አንዴ የሚጠሉትን ሙዚቃ ሰሙ። የሚወዱትም የሚጠሉትም በእኩል ደረጃ ጎዷቸው። በ2014 ደግሞ ወደ ንባብ ተሻገሩ። ግጥም ያለው ዘፈን ሲከፈት ያነበቡትን የመረዳት ውጤት ወረደ፤ ዘፈኑ ይወደድ ይጠላ ልዩነት አላመጣም። መውደዳችን የጥናቱን ስሜት ይለውጣል፤ ውጤቱን አይለውጥም።

መውደድ እንዲያውም የራሱ ወጥመድ ሊኖረው ይችላል። በ2011 በካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ ተመራማሪዎች ሰዎች የሚወዱትን ሙዚቃ ሲሰሙ አእምሮአቸው ዶፓሚን የተባለውን ከደስታና ከጉጉት ጋር የተያያዘ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ አሳዩ። የሚገርመው ዶፓሚኑ የሚወጣው ደስ የሚለው ቦታ ሲደርስ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ቦታው ሊደርስ ሲል፣ አድማጩ በጉጉት ሲጠብቅ ጭምር ይወጣል። የሚወዱትን ዘፈን የከፈቱ ሁሉ ይህን ያውቁታል፤ ያ ስንኝ ሊመጣ ጥቂት ሲቀረው ዓይን መስመሩ ላይ ሆኖ ልብ ወደ ዘፈኑ ይዘነበላል። ከዚያ አንባቢው ገጹን ጨርሶ ይገልጣል፤ ያለፈው ገጽ ስለ ምን እንደነበር ቢጠየቅ ግን መልስ የለውም።

ሞዛርት የሰጠው ተስፋ

«ክላሲካል ሙዚቃስ አእምሮን ያጎለብት የለ?» የሚሉ አሉ። ይህ እምነት የተወለደበት ዓመት ይታወቃል። በ1993 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ፍራንሲስ ራውሸርና ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ በካሊፎርኒያ ያደረጉትን ሙከራ የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ወጣ። 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ለ10 ደቂቃ የሞዛርትን አንድ የሁለት ፒያኖ ሶናታ ሰሙ። ሌላ ጊዜ የሚያረጋጋ ንግግር ሰሙ፤ ሌላ ጊዜ በጸጥታ ተቀመጡ። ወረቀት ታጥፎ ሲቆረጥ ምን ዓይነት ቅርጽ እንደሚኖረው በሐሳብ መገመት በሚጠይቅ ፈተና ላይ ከሞዛርቱ በኋላ የተሻለ ውጤት አመጡ። ብልጫው ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ጠፋ።

ጽሑፉ ያለው ይህን ብቻ ነው። ስለ ሕፃናትም ስለ ትምህርት ቤት ውጤትም አላወራም። ወሬው ግን ጽሑፉን ጥሎት ሮጠ። በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ገዥ ዜል ሚለር በግዛቲቱ ለሚወለድ ለእያንዳንዱ ሕፃን የክላሲካል ሙዚቃ ቅጂ እንዲታደል 105,000 ዶላር በጀት እስከ መጠየቅ ደረሱ።

ቀስ በቀስ ነገሩ ተጣራ። በ2001 ግሌን ሸለንበርግና ባልደረቦቹ በካናዳ ፈጣንና ደስ የሚለውን የሞዛርት ሥራ ከአንድ ዝግ ያለና የሚያሳዝን ሙዚቃ ጋር አነጻጸሩ። የጠቀመው ፈጣኑ ብቻ ነበር፤ እሱም የጠቀመው አድማጩን ስላነቃውና ስሜቱን ስላነሳሳው ነው። ከዚያ ቀደም ባለ ሌላ ሙከራ ደግሞ ከሙዚቃ ይልቅ ትረካ የሚወዱ ሰዎች ትረካ ከሰሙ በኋላ የተሻለ ሠርተዋል። በ2010 የቪየና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 3,000 ገደማ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 40 ያህል ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሩ ለሞዛርት ብቻ የተሰጠ ኃይል አላገኙም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ለእኔ ግን ለተማሪ ዋናው እሱ ነው። በ1993ቱ ሙከራ ተማሪዎቹ ሙዚቃውን የሰሙት ከሥራው በፊት ነው፤ ሙዚቃው ቆሞ ነው ፈተናው የተጀመረው። ንቃትና ደስታ ሙዚቃው ከተዘጋ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ይቆያሉ፤ የቃል ሽሚያው ግን ሙዚቃው ሲዘጋ አብሮ ይቆማል። ድብርት ይዞት መጽሐፍ ለመግለጥ ያቃተው ተማሪ የሚወደውን ዘፈን ከፍቶ ሁለት ሦስቱን ሰምቶ፣ ካሻውም አብሮ ዘፍኖ፣ ከዚያ ዘግቶ ቢቀመጥ ጥቅሙን ወስዶ ጉዳቱን ይተወዋል። በእረፍት መሃልም እንደዚሁ።

ታዲያ የአባቶች ትምህርት በዜማ አልነበረም ወይ?

ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሰው ትክክለኛ ቦታ ላይ ነው የነካው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል የለየ ልጅ ዳዊትን በግዕዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብ፣ በቁም ንባብ ይዘልቃል፤ እያንዳንዱ የራሱ አካሄድ፣ የራሱ ማንሻና መጣያ አለው። ዜማ ቤት ሲገባ ደግሞ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ እየተመላለሰ ብዙ መጽሐፍ በቃሉ ይይዛል። የቃል ትምህርቱ ማታ በጨለማ ይሰጣል፤ ለጆሮና ለአፍ መብራት አያስፈልግም። በቁርዓን ትምህርት ቤቶችም ልጆች ቃሉን የሚይዙት በዜማ እያነበነቡ ነው። ከዚህ በላይ ዜማና ትውስታ የተጋቡበት ቦታ ከየት ይመጣል?

ልዩነቱ ዜማው ምን እንደተሸከመ ነው። በዜማ ቤት ዜማውና የሚጠናው ቃል አንድ ናቸው። ድምፁ ከፍ ሲል ቃሉ ይታወሳል፤ ቃሉ ቢጠፋ ዜማው «እዚህ ጋ የጎደለ አለ» ብሎ ይጠቁማል። በማዳመጫ የሚሰማው ዘፈን ግን የራሱን ቃል እንጂ የመጽሐፉን ቃል አልተሸከመም። ዋንዳ ዋላስ የተባለች ተመራማሪ በ1994 ባወጣችው ጥናት ግጥም በዜማ ሲቀርብ በንግግር ከሚቀርበው የተሻለ ይታወሳል፤ ሆኖም ይህ የሚሆነው ያው ዜማ በየአንቀጹ እየተደጋገመ አድማጩ ሲለምደው ነው። በ2014 ደግሞ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ 60 ሰዎች ለ15 ደቂቃ የሃንጋሪ ቋንቋ ሐረጎችን ተማሩ፤ ከሁሉም የተሻለ ያስታወሱት ሐረጎቹን እየዘፈኑ የተማሩት ነበሩ።

እንግዲህ ያ የኬሚስትሪ ተማሪ ስምንቱን ስሞች በሚያውቀው የልጆች ዜማ ላይ ገጥሞ ራሱ ቢያዜማቸው ሙዚቃን ከተፎካካሪነት ወደ አጋዥነት ያዞረዋል። «ሀ ሁ ሂ ሃ» የተያዘው እንደዚያ አይደለም?

አንድ ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቆመኝ ይችላል። በየኔታ ጉባኤ ሠላሳ ልጅ በአንድ ላይ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ክፍል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ይህ ሁሉ ጩኸት እንዴት አያውካቸውም? መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ልጁ ራሱ ድምፅ እያወጣ ነው የሚያነበው፤ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ በዝምታ ከማንበብ ይልቅ ቃሉን በትውስታ እንደሚያጸና በተደጋጋሚ ታይቷል። ሁለተኛው የሚያስደንቅ ነው። ዲላን ጆንስና ቢል ማከን በ1995 ባወጡት ጥናት ከጀርባ የሚሰማው ንግግር የአንድ ሁለት ሰው ሲሆን ያውካል፤ የብዙ ሰው ሲሆንና ሲደባለቅ ግን ጉዳቱ ይቀንሳል። ብዙ ድምፅ ሲቀላቀል የእያንዳንዱ ቃል ጫፍ ይጠፋል፤ የሚቀረው ብዙም የማይለዋወጥ ሁካታ ነው። ሠላሳ ልጅ ከሚያነብበት ጉባኤ ይልቅ ከጀርባ በስልክ የሚያወራ አንድ ሰው ይበልጥ ይረብሻል ማለት ነው።

ጸጥታ የሌለበት ቤት

ከላይ የተጠቀሱት ሙከራዎች ሙዚቃን የሚያነጻጽሩት በአብዛኛው ከጸጥታ ጋር ነው። ጸጥታ ግን በሁሉም ቤት የለም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ቴሌቪዥን ግድግዳውን አልፎ ይሰማል፤ ከታች ምግብ ቤት ወይም መጠጥ ቤት አለ፤ በአንድ ክፍል የሚኖር ቤተሰብ ተማሪውን ጥግ አስቀምጦ ኑሮውን ይቀጥላል። እዚህ ያለ ተማሪ የሚመርጠው ራሱ ከሚቆጣጠረው ድምፅና ሌላ ሰው ከሚያሰማው ንግግር አንዱን ነው። ለዚህ ተማሪ «ሙዚቃህን ዝጋ» ማለት ምክር አይሆንም። ያልተለዋወጠ፣ ቃል የሌለበት፣ ዝቅ ያለ ድምፅ የጎረቤቱን ወሬ ሸፍኖለት ከሆነ ጠቅሞታል።

ምን ይክፈት? የዝናብ ወይም የነፋስ ድምፅ ከሁሉም ይሻላል። ሙዚቃ ካስፈለገ የመሣሪያ ሙዚቃ ይሁን፤ ክራር፣ ዋሽንት፣ ዝግ ያለ ኢትዮ ጃዝ። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው አንድ ቦታ አለ፤ ግጥሙን በቃላችን የምናውቀው ዘፈን በመሣሪያ ብቻ ቢመጣም አእምሮአችን ግጥሙን ከራሱ ይሞላበታል። ስለዚህ ግጥም ኖሮት የማያውቅ ሥራ ይመረጥ፤ ያው እሱ በተደጋጋሚ ይከፈት፤ በየቀኑ አዲስ አይፈለግ። ሬዲዮ አይሆንም፤ በመሃል አቅራቢው ያወራል። ዩቲዩብም ማስታወቂያ ያስገባል። ስልኩ ላይ ከሆነ ደግሞ የሙዚቃው ጉዳት ከስልኩ ጉዳት ያንሳል፦ የሚቀጥለውን ዘፈን ለመምረጥ የተነሳ እጅ ቴሌግራም ላይ ያርፋል፤ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቀራል። ፋይሉን አስቀድሞ አውርዶ ስልኩን የበረራ ሁኔታ ላይ አድርጎ ራቅ ማድረግ ቀላል መፍትሔ ነው።

ጩኸትን በጩኸት ለማሸነፍ ድምፁን እስከ መጨረሻ መጨመር ግን ጆሮን ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በ80 ዴሲቤል (ዴሲቤል የድምፅ ከፍታ መለኪያ ነው) በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ድምፁ ወደ 90 ዴሲቤል ሲወጣ የሚፈቀደው በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ይሆናል። በዚህ የተጎዳ የመስማት ችሎታ አይመለስም።

ሰው ሁሉ እኩል አይደለም፣ ሥራም ሁሉ እኩል አይደለም

በ1997 በእንግሊዝ አድሪያን ፈርንሃምና አንድ ባልደረባው ባወጡት ጥናት ከሰው ይልቅ ብቻቸውን መሆን የሚመርጡ ተማሪዎች ፖፕ ሙዚቃ ተከፍቶ ሲሠሩ ከተጫዋቾቹና ከተግባቢዎቹ ይልቅ ተጎድተዋል። ስለዚህ ጓደኛ ዘፈን ከፍቶ አንደኛ ስለወጣ ብቻ የእሱን መንገድ መያዝ አያዋጣም። ትኩረታቸውን ለመሰብሰብ የሚቸገሩ ልጆች ደግሞ ለየት ይላሉ፤ በ2007 በስዊድን ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት «ሽሽሽ» የሚል ያልተለዋወጠ ድምፅ እንዲህ ያሉትን ልጆች እንደረዳቸው፣ ሌሎቹን ግን እንዳወከ አሳይቷል።

ሥራውም ይለያያል። ማስታወሻ በንጹሕ መገልበጥ፣ ግራፍ ማስመርና ማቅለም፣ የለመዱትን የሂሳብ ዓይነት ደጋግሞ መሥራት የውስጥ ትረካ ብዙም አይፈልጉም፤ ስልቹነትን ነው የሚያመጡት፤ እዚህ ሙዚቃ ዋጋ አለው። ቢቢሲ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1940፣ ለፋብሪካ ሠራተኞች የሙዚቃ ፕሮግራም ጀምሮ እስከ 1967 ያቆየው ሥራው ተደጋጋሚ፣ ሠራተኛው የሚሰለች ስለነበር ነው። አዲስ ምዕራፍ ማንበብ፣ ትርጓሜ በቃል መያዝ፣ ድርሰት መጻፍ ግን ከዚህ ወገን አይደሉም።

የፈተናው ክፍልም መታሰብ አለበት። ስቲቨን ስሚዝ በ1985 ባወጣው ጥናት ሙዚቃ ተከፍቶ ቃላት የያዙ ሰዎች ያው ሙዚቃ ተመልሶ ሲከፈትላቸው በጸጥታ ከተጠየቁት የበለጠ አስታወሱ። በዩኒቨርሲቲ ግቢ ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥ ተማሪ ስልክ ይዞ አይገባም፤ የሚጠብቀው ጸጥ ያለ አዳራሽ ነው። ሁልጊዜ በሙዚቃ ብቻ ያጠና ሰው ያን ጸጥታ ራሱን እንደ እንግዳ ነገር ያየዋል። ቢያንስ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ጸጥ ባለ ቦታ፣ በሰዓት፣ የቆዩ የፈተና ወረቀቶችን መሥራት ይህን ያለማምዳል።

የሌላውን ሰው ጥናት ማመን ካስቸገራችሁ በራሳችሁ ላይ ሞክሩት። ከአንድ መጽሐፍ፣ ከአንድ ምዕራፍ፣ ክብደታቸው የተቀራረበ ሁለት ክፍሎችን ምረጡ። አንዱን የለመዳችሁትን ሙዚቃ ከፍታችሁ፣ ሌላውን በምታገኙት ጸጥታ፣ እኩል ሰዓት አጥኑ። በዚያኑ ሰዓት ራሳችሁን አትጠይቁ፤ አሁን ያነበቡት ነገር ሁሉ የሚታወቅ ይመስላል። በማግስቱ መጽሐፉን ሳትከፍቱ የሁለቱንም የምታስታውሱትን ሁሉ ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ከመጽሐፉ ጋር አስተያዩት። አንድ ጊዜ አይበቃም፤ በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ድገሙት፣ በሂሳብና በታሪክ ለየብቻ ሞክሩት። የጻፋችሁት ራሱ አይባክንም፤ ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ በ2006 እንዳሳዩት መጽሐፍ ከድኖ ከራስ አውጥቶ መጻፍ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ለቀናት የሚቆይ ትውስታ ይሰጣል። የሁለቱ ወረቀቶች ልዩነት እዚህ ግባ የማይባል ከሆነ በለመዳችሁት ቀጥሉ። የጸጥታው ወረቀት በተደጋጋሚ ከበለጠ ዘፈኑን ከጥናቱ በፊትና በእረፍት ሰዓት አድርጉት፤ ወላጆቻችሁም ወረቀቶቹን ይዩአቸው።